የምርጫ ገንዘብና የባዕድ አገር ካርድ

በክሬዲት ካርድ የሚሸጥ ነጋዴ ጥንቃቄን የተማረው ከኪሳራ ነው። ካርዱን ያቀረበው ሰው እውነተኛው ባለካርድ ሳይሆን ቢቀርና ባለካርዱ «ይህን ዕቃ እኔ አልገዛሁም» ብሎ ለባንኩ ቢያመለክት፣ ባንኩ ገንዘቡን ከነጋዴው ሒሳብ ላይ ቀንሶ ለባለካርዱ ይመልሳል። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቷል፤ ዋጋው ተመልሷል፤ በዚህም ላይ መቀጫ ይከፈላል። ስለዚህ ገዢውን በዓይኑ ሳያይ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በካርዱ ጀርባ የታተመውን የሦስት አኃዝ መለያ ቍጥር ይጠይቃል፤ በአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ ላይ ግን ቍጥሩ አራት አኃዝ ሲሆን የሚገኘውም ከፊት ለፊት ነው። የሒሳብ መግለጫ የሚላክበትንም አድራሻ ባንኩ ከያዘው አድራሻ ጋር ያመሳክራል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለምርጫ የሚወዳደር ሰውም ከደጋፊዎቹ ገንዘብ የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ካርድ ነው። የሚያስረክበው ዕቃ ግን የለም። የተሰረቀ ካርድ ቢቀርብለትና ገንዘቡ ኋላ ቢመለስበት፣ የሚጎድልበት ጥቂት የባንክ ክፍያ ብቻ ነው። እንዲያውም የካርድ ሌቦች የሰረቁት ካርድ መሥራቱን ለመፈተን አስቀድመው ለበጎ አድራጎት ማኅበር ወይም ለምርጫ ዘመቻ አንድና ሁለት ዶላር «መለገስ» የቆየ ልማዳቸው ነው። ሕጉ ከውጭ አገር ሰው ገንዘብ መቀበልን በብርቱ የሚከለክል ቢሆንም፣ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምርጫው ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ነጋዴውን ገበያው ራሱ ያስጠነቅቀዋል፤ ተወዳዳሪውን የሚያስጠነቅቅ ገበያ ስለሌለ፣ በዚያ አገር ፌዴራላዊው መንግሥትም ሆነ ልዩ ልዩ ግዛቶች ጥንቃቄውን በደንብ ለማስገደድ ተነሥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወሮችና ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክልከላው ራሱ ከንግድ የተወለደ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። የነገሩ መነሻ ስኳር ነው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ከእያንዳንዱ አገር በየዓመቱ ምን ያህል ስኳር እንደሚገባ በሕግ ይመድብ ነበር። በአሜሪካ ገበያ የስኳር ዋጋ ከዓለም ገበያ ዋጋ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይደረግ ስለ ነበር፣ ኮታ ማግኘት ማለት በእያንዳንዱ ቶን ላይ ያለ ድካም ትርፍ ማግኘት ማለት ነበር። በ1960 የኩባ ድርሻ በተሰረዘ ጊዜ ያ ትልቅ ድርሻ ለሌሎች አገሮች የሚከፋፈል ሆነ፤ ስኳር ሻጮችም ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ፊታቸውን መለሱ። በ1962 እና በ1963 በሴናተር ዊሊያም ፉልብራይት ሊቀ መንበርነት የሚመራው የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ የባዕዳን ወኪሎችን ሥራ ሲመረምር፣ የፊሊፒንስ ስኳር አምራቾችና የኒካራጓው ፕሬዚዳንት የሉዊስ ሶሞዛ ወኪሎች ለአሜሪካ ተወዳዳሪዎች የምርጫ ገንዘብ መስጠታቸው ተገለጠ። ከአገር ውጭ ያለ ሻጭ የአስመጪውን አገር ሕግ አውጪ በገንዘብ ሊያለሳልስ የፈለገው ለኮታ ነበር። ለአስመጪና ለላኪ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት በ1966 የባዕድ አገር ወኪሎች ለተወዳዳሪ ገንዘብ እንዳይሰጡ ተከለከለ። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረበት፤ የሚናገረው ስለ ወኪል ስለ ነበር፣ ለራሱ ብሎ የሚሰጠውን የውጭ አገር ሰው በሚገባ አይዝም ነበር። በ1974 ያ ቀዳዳ ተደፈነ፤ በአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ማለትም ግሪን ካርድ የያዘ፣ ከክልከላው ነጻ ሆነ። ከ1996ቱ ምርጫ በኋላ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ምንጩ አጠራጣሪ የሆነ ወደ ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። በ2002 የወጣው ሕግም ክልከላውን አጠበቀና ለግዛትና ለከተማ ምርጫ ጭምር እንደሚሠራ በግልጽ ደነገገ። ሕጉ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በሕጋዊ ፈቃድ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ፣ ግሪን ካርድ ግን የሌላቸው ሁለት ሰዎች ክልከላው የመናገር መብታችንን ይነካል ብለው ከሰሱ፤ በ2011 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት በዛሬው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በብሬት ካቫኖ ጸሐፊነት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ፍርዱን አጸና። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1162 የፖለቲካ ፓርቲዎች ከውጭ አገር ዜጋና ከውጭ ድርጅት ገንዘብ እንዳይቀበሉ ስለሚከለክል፣ ሐሳቡ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ካርዱ ወደዚህ ሜዳ የገባው ቀስ በቀስ ነው። የፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን በ1978 በክሬዲት ካርድ መስጠት እንዲቻል አስተያየት ሰጠ፤ በ1995 በኢንተርኔት መቀበልን ፈቀደ፤ በ1999 ደግሞ በኢንተርኔት በካርድ የተሰጠ ገንዘብ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳዳሪዎች በሚሰጠው ተጓዳኝ ገንዘብ እንዲታሰብ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ አሰባሳቢዎች ተነሡ፤ በ2004 የዴሞክራቶቹ አክትብሉ፣ በ2019 የሪፐብሊካኖቹ ዊንሬድ። ሁለቱም የሚያስከፍሉት ከመቶ አራት እጅ የሚጠጋ ነው፤ በካርድ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያኮሳትር አይፈረድበትም።

በጥሬ ገንዘብ ዘመን የተደነገገው ሕግ ለካርዱ የጠበበ ሆነ። በፌዴራል ምርጫ ከ50 ዶላር ለማይበልጥ ስጦታ የሰጪውን ስም መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ስሙ በይፋ መዝገብ ላይ የሚወጣው የሰጠው ድምር ከ200 ዶላር ሲያልፍ ነው። እነዚያ ሁለት አሰባሳቢዎች ግን መካከለኛ ስለ ሆኑ እያንዳንዱን ስጦታ፣ አንድ ዶላርም ቢሆን፣ በዝርዝር ማስታወቅ አለባቸው። በ2008 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ካስታወቃቸው ለጋሾች መካከል «ዱዳድ ፕሮ» እና «ጉድ ዊል» የሚሉ የማንም ሰው ያልሆኑ ስሞች ተገኙ፤ ጋዜጦችም በዚያው ሰሞን አስቀድሞ ገንዘብ በተሞላበት ካርድ ማንነትን ሳይገልጹ መስጠት እንደሚቻል ጻፉ። ዘመቻው ስጦታዎቹን ከተቀበለ በኋላ እንደሚመረምርና የማይገባውን እንደሚመልስ መልስ ሰጠ። በባለሱቅ አነጋገር፣ ይህ ዕቃውን ከሸጡ በኋላ ሚዛን መፈተሽ ነው።

ክርክሩ ከ2024 ወዲህ ጋለ። በሴፕቴምበር 2024 የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ በኢንተርኔት የምርጫ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ የካርዱን መለያ ቍጥር እንዲጠይቅ፣ የስጦታና አስቀድሞ የተሞላ ካርድም እንዲከለከል የሚያዝ ረቂቅ አሳለፈ፤ ረቂቁ ግን በዚያ የምክር ቤት ዘመን ሕግ ሳይሆን ቀረ። በኦክቶበር 2024 የቴክሳስ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተመሳሳይ ደንብ እንዲወጣ ለፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን አመለከተ። በ24 ኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሌላ ሰው ስምና ከውጭ አገር በኢንተርኔት ይገባል የሚባለው ገንዘብ እንዲመረመር ትእዛዝ ፈረሙ፤ ትእዛዙ አክትብሉን በስም ስለ ጠቀሰና ዊንሬድን ስላልጠቀሰ፣ ዴሞክራቶቹ ምርመራ ሳይሆን ተቃዋሚን ማጥቂያ ነው ብለው ተቃወሙ። ደንብ ማውጣት የሚገባው ኮሚሽን ግን ለውሳኔ ከስድስት አባላቱ አራቱ ያስፈልጉት ስለ ነበር፣ በሜይ 2025 አባላቱ ሲጓደሉ ምልዓተ ጉባኤውን አጣ። ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹንም ያሰለቻል፤ ግዛቶቹ በየፊናቸው መሄዳቸው የሚገባ ነው።

የግዛቶቹ መንገድ ግን አንድ አይደለም። በሜይን ግዛት የካናዳው የኩቤክ ክፍለ ሀገር ንብረት የሆነው ሃይድሮ ኩቤክ በ2021 ስለ ኤሌክትሪክ መስመር በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። ይህ የተቻለው የፌዴራሉ ሕግ ስለ ተወዳዳሪ ምርጫ እንጂ ስለ ሕዝበ ውሳኔ እንደማይናገር ኮሚሽኑ በመተርጐሙ ነው። የሜይን ሕዝብ በኖቬምበር 2023 ከመቶ 86 እጅ በሆነ ድምፅ የባዕድ መንግሥት አምስት በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለውን ድርጅት ሁሉ ከለከለ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ድርጅቶች ከሰው ሁሉ ጋር ያላቸውን የመናገር መብት ይነካል ብሎ በ2024 አገደው። የዋሽንግተን ግዛት ከ2020 ወዲህ ማኅበር ወይም ኩባንያ ስጦታ ሲሰጥ ገንዘቡ ከውጭ አገር ሰው ያልመጣ መሆኑን፣ ውሳኔውም የውጭ አገር ሰው እጅ የሌለበት መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የሲያትል ከተማ ደግሞ በዚያው ዓመት አንድ የውጭ ባለሀብት አንድ በመቶ ወይም ብዙዎቹ በአንድነት አምስት በመቶ የያዙበትን ኩባንያ ከከተማው ምርጫ አገለለ።

ካርዱን የሚመለከተውን ፈተና ሲመረምሩት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያረጋግጠው ነገር ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ይታያል። የሦስቱ አኃዝ ቍጥር የሚያስረዳው ሰጪው ካርዱን በእጁ መያዙን፣ ወይም ቢያንስ ጀርባውን ያየ መሆኑን ነው። የአድራሻው ምሳከራ በተለይ የሚሠራው በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ አድራሻ ሲሆን፣ የሚያነጻጽረውም የቤቱን ቍጥርና የፖስታውን መለያ ቍጥር ነው፤ በፖስታ ሣጥን የሚጻጻፍ የአዲስ አበባ ነዋሪ ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ለዚያ መሣሪያ የሚሰጠው መልስ የለውም። የካርዱ የመጀመሪያ አኃዞች ካርዱን የሰጠው ባንክ የትኛው እንደ ሆነ፣ በዚያውም አገሩን ያመለክታሉ። ከእነዚህ አንዱም ስለ ባለካርዱ ዜግነት አይናገርም። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ዜግነትን ነው።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት በኢትዮጵያውያንና በትውልደ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በጉልህ ይታያል። በትምህርት ቪዛ ሚኒሶታ የሚኖር ወይም በሥራ ፈቃድ ቴክሳስ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ባንክ ካርድ አለው፤ አድራሻው ይመሳከራል፤ መለያ ቍጥሩም ትክክል ነው። ፈተናውን ሁሉ ያልፋል፤ መስጠቱ ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ግሪን ካርድ የለውምና። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቀውም እንደዚሁ ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ ዜግነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የሚነግድ ሰው የመስጠት ሙሉ መብት አለው፤ ነገር ግን አድራሻው ከአሜሪካ ውጭ ነው፤ ካርዱንም የሰጠው የኢትዮጵያ ባንክ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ የሚጥለው እርሱን ነው። መረቡ የተዘረጋለት ዓሣ ያልፋል፤ ያልተዘረጋለት ይያዛል።

ለዚህ የሁለተኛው ዓይነት ሰው የፌዴራሉ ደንብ መውጫ በር አለው። የውጭ አገር ፓስፖርት፣ የውጭ አድራሻ፣ ከውጭ ባንክ የተጻፈ ቼክ ወይም የተላለፈ ሐዋላ፣ በውጭ አገር መኖር፣ እነዚህ ተቀባዩን እንዲጠይቅ የሚያስገድዱ ምልክቶች ናቸው። በ2002 የተጻፈው ይህ ዝርዝር ቼክንና ሐዋላን ሲጠራ ካርድን በስም አለመጥራቱ ልብ ሊባል ይገባል። የዘመቻው ገንዘብ ያዥ የሰጪውን ያልተቃጠለ የአሜሪካ ፓስፖርት ቅጂ ጠይቆ ካገኘ፣ ተገቢውን ምርመራ አድርጓል ይባላል። ስጦታው ጥያቄ ያስነሣ እንደ ሆነ ገንዘብ ያዡ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ይመልሰዋል ወይ ባንክ ያስገባዋል፤ ባንክ ካስገባው ደግሞ ሕጋዊነቱን በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጥ ካልቻለ መመለስ አለበት። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚኖር ዜጋ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሚሰጥ ይልቅ፣ አስቀድሞ የፓስፖርቱን ቅጂ ልኮ ቢሰጥ ገንዘቡ ከመመለስ ይድናል።

ግሪን ካርድ የያዙት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅድላቸዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኮሎምበስ ከተማ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የኦሃዮ ግዛት በጁን 2024 የተፈረመው ሕግ የውጭ አገር ሰው በግዛቱ ምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ገንዘብ እንዳይሰጥ ሲከለክል ግሪን ካርድ ያለውንም በዚያው ጨመረው። ሕጉ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኦገስት 31፣ የፌዴራል ዳኛ ግሪን ካርድ ያላቸውን የሚመለከተውን ክፍል አገደ፤ በኦክቶበር 2024 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ሕጉ ይሠራ ብሎ እገዳውን አነሣ። ሲያትል የሚኖረው ወንድሙ ደግሞ በሌላ ዓለም ነው፤ በዚያች ከተማ መራጮች በ2015 ባጸደቁትና በ2017 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ ከከተማው ገንዘብ እያንዳንዱ 25 ዶላር የሆነ አራት የስጦታ ኩፖን እየተቀበለ ለሚወደው የከተማ ተወዳዳሪ ማደል ይችላል። አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙ ሁለት ባለሱቆች፣ አንደኛው ከራሱ ኪስ ለግዛቱ ተወዳዳሪ እንዳይሰጥ ሲከለከል፣ ሌላው ከከተማው ኪስ እንዲሰጥ ይጋበዛል።

ለላኪዎችና ለአስመጪዎች ግን ትልቁ አደጋ ካርዱ ላይ ሳይሆን ድርጅቱ ላይ ነው። በፌዴራል ምርጫ ኩባንያ ለተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት ከ1907 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በግዛት ምርጫ ግን፣ ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በሚገኙባት በቨርጂኒያ፣ ኩባንያ መስጠት ይችላል። ባለቤቱ ወይም ባለድርሻው አዲስ አበባ ተቀምጦ በአሜሪካ የተቋቋመ የቡና ወይም የቅመማ ቅመም አስመጪ ድርጅት ሲኖረው፣ ድርጅቱ የሚሰጠው ገንዘብ በዚያው በአሜሪካ ካገኘው ትርፍ መሆን አለበት፤ ለማን ይሰጥ፣ ስንት ይሰጥ የሚለውን የሚወስኑት ሁሉ የአሜሪካ ዜጎች ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው መሆን አለባቸው። ከአዲስ አበባ የተላከ «ለእገሌ ስጡ» የምትል አንዲት መልእክት፣ ገንዘቡ የአሜሪካ ቢሆንም፣ ሕጉን ለማፍረስ ትበቃለች።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሥጋት አይደለም። ባለቤቶቹ ቻይናውያን የሆኑ አንድ የካሊፎርኒያ ድርጅት በ2015 የፕሬዚዳንትነት ተወዳዳሪ የነበሩትን ጄብ ቡሽን ለሚደግፍ ኮሚቴ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ በአሜሪካ ሕግ የተቋቋመ ነበር፤ ገንዘቡም ከባሕር ማዶ የመጣ አልነበረም ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ በውሳኔው እጃቸውን ማስገባታቸው ተገኘ። በ2019 የፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን ድርጅቱን 550,000 ዶላር፣ ገንዘቡን የተቀበለውን ኮሚቴ ደግሞ 390,000 ዶላር መቅጣቱ ተገለጸ።